ለአዜብ የተቀመጠው ቅቤ

የሆሳዕና መናኸሪያ ረዳቶች መምህርት ትርፊት ኤርጊቾን በደንብ ያውቋታል። ገና በሩን ስታልፍ አንዱ «ቲቸር፣ እንደ ተለመደው?» ይላታል፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። እንደ ተለመደው ማለት ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ማለት ነው። «አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለዳሌዬ» ትላቸዋለች፤ ይስቃሉ። ሰው ሳይስቅባት ቀድማ በራሷ መሳቅ ከጀመረች ቆይታለች። ቀድማ ከሳቀች በኋላ የሚመጣው ሳቅ ብዙም አይሰማትም፤ ወይም እንደማይሰማት ሆና ትቀመጣለች።

እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። ቦቢቾ አካባቢ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ስትጀምር፣ ከሌሞ ገጠር እስከ ከተማ በእግሯ ገብታ የማይደክማት ፈርጠም ያለች ወጣት ነበረች። ባሏ በደርግ መጨረሻ ዓመት ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። ወንዱ አበራ ሲያድግ እንደ ብዙዎቹ የከተማው ልጆች ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ሱቅ ከፈተ። ሴቷ አዜብ አንጋጫ ወደምትባል ከተማ ሄዳ አገባች። በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወለደች ደም ፈሷት ሞተች። ሕፃኗ ተረፈች፤ ስሟንም ጣቢታ አሏት።

በቀብሩ ዕለት ትርፊት አላለቀሰችም። መዘምራኑ ሲጨርሱ ብድግ አለችና በሙሉ ድምፅ «ጌታ ይመስገን፤ ልጄ ከእኔ ዘንድ በተሻለ ቦታ ናት፤ እኔ የምለው የለኝም» ብላ መሰከረች። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ከዚያ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ሊያጽናኗት የመጡትን ሽማግሌዎች በበሩ ስንጥቅ «ጾም ጸሎት ላይ ነኝ» ብላ መለሰቻቸው። እስከ ዐርባኛው ቀን ድረስ ማንም አልገባባትም። ስትወጣ ፊቷ ሞልቶ፣ ቀሚሷ ጠቧት ነበር። ሐዘን ያሳብጣል ተባለ። የትርፊት ዐርባ ቀን ግን በቤተ ክርስቲያኗ ጉባኤ ውስጥ ትልቅ ስም አገኘ። ልጅ የሞተባት እናት በተገኘች ቁጥር «እህት ትርፊትን እዩ» ይባላል። እሷም ከፊት ወንበር ላይ ሆና ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

በቀጣዮቹ ዓመታት ውፍረቷ በእጥፍ ጨመረ፤ ስኳሩም ተከተለ። በሁለት ሺህ ስምንት ሚያዝያ ላይ እግሯ ላይ የወጣችው ትንሽ ቁስል ለሁለት ወር አልድን ስትል ሐኪሙ ክብደቷን ፈለገ፤ የክሊኒኩ ሚዛን ደግሞ ከመቶ ሠላሳ በላይ አይቆጥርም። መላ የዘየደችው ጎረቤቷ ዘይነባ ናት። ዘይነባ ገበያ ውስጥ ቅቤ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ የእህል ነጋዴዎቹንም ሁሉ ታውቃለች። አንዱን መጋዘን አስከፍታ፣ በሩ ላይ አንሶላ ሰቅላ፣ ትርፊትን ከበቆሎ ጆንያዎች መሀል መመዘኛው ላይ አቆመቻት። መቶ አርባ ስምንት። ትርፊት «ዘንድሮ ምርቱ ጥሩ ነው» አለች። ዘይነባ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችላት።

አዲስ አበባ ያለው ቀዶ ሐኪም ነገሩን ሳያለዝብ ነገራት። በዚህ ከቀጠለች መጀመሪያ ዓይኗ፣ ቀጥሎ እግሯ ይሄዳል። ጨጓራን በቀዶ ሕክምና ማሳነስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ሰው በጥቂት ማንኪያ ይጠግባል፣ ስኳሩም ይበርዳል። አበራ ወጪውን እችላለሁ ብሏል። ትርፊት ይህን ስትሰማ ያሰበችው ስለ ዓይኗ አልነበረም፤ ስለ ጣቢታ ነው።

ጣቢታ የምታድገው አንጋጫ፣ በአባቷ እናት በወይዘሮ አሰገደች ቤት ነው። አባቷ ሌላ ሚስት አግብቷል። ትርፊት የልጅ ልጇን በስድስት ዓመት ውስጥ ያየቻት አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ባጃጅ አይችላት፣ ጋሪ ላይ መውጣት አትችል። በገና ሰሞን ሽማግሌ ልካ ልጅቷን ለምና ነበር። አሰገደች ክፉ ሴት አይደለችም። «ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ለማትችል ሴት እንዴት ብዬ ልስጥ? ትዳንና በመስከረም አንደኛ ክፍል ሆሳዕና ታስገባት፤ ቃሌ ነው» አለች። ትርፊት ያን ቃል ይዛ ትንሽ አልጋ አሠራች። አልጋዋን ከራሷ አልጋ አጠገብ አቁማ፣ ሮዝ ብርድ ልብስ አነጠፈችባት። አውቶቡስ ስትሳፈርም ባዶውን ወንበር እያየች፣ የሚመጣው ዓመት ላይ እዚህ የምትቀመጠው ጣቢታ ናት ትላለች። እንግዲህ የትርፊት ምኞት በሙሉ ይኸው ነው፤ አንድ ወንበርና አንዲት ልጅ።

ቀዶ ሐኪሙ ግን አንድ ወረቀት ሰጣት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሥነ ልቦና ምርመራ ግዴታ ነው፤ ባለሙያዋ ዝግጁ ናት ብላ ካልፈረመች ቢላ አይነሣም።

ትርፊት ወረቀቱን ይዛ የሮጠችው ወደ አቶ ወንዳፈረው ነው። ወንዳፈረው የትምህርት ቤቷ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ የጉባኤዋም ሽማግሌ ነው፤ ዲግሪውን በክረምት ሲማር አንድ ኮርስ ሥነ ልቦና ወስዶ «ቢ» አምጥቷል። ከዚያ ወዲህ የሰውን አእምሮ በተመለከተ የማይመልሰው ጥያቄ የለም።

«እህቴ፣ ይኼ ፈተና ነው» አላት። «ሐኪሟ የምትፈልገው ድካምሽን ነው። የእኛን ግምገማ አስቢው። ትንሽ ድክመት ታወጫለሽ፣ ትልቁ ላይ አትደርሽም።»

ይህን ማንም ሊያስተምራት አያስፈልግም ነበር። ትርፊት ሃያ ዓመት በየሴሚስተሩ ግምገማ ላይ ተቀምጣለች። ሂስና ግለሂስ ሲባል ተራዋ ሲደርስ «ቾክ አባክናለሁ፣ አስተካክላለሁ» ትላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ቾክ ስታባክን ኖራ አንድም ቀን አላስተካከለችም፤ የጠየቃትም የለም።

«ደግሞ ሕፃን ላሳድግ ብለሽ እንዳትጀምሪ» አለ ወንዳፈረው። «ስሜታዊ ትመስያለሽ። ለጤናዬ በዪ።»

ግንቦት ላይ ሄደች። ባለሙያዋ ወጣት ነበረች፤ አዜብ ብትኖር የምትሆነውን ያህል። ክፍሏ ውስጥ መደገፊያ ክንድ የሌለው ሰፊ ወንበር አስቀምጣለች። ትርፊት ተቀመጠችበት፤ ከስንት ዓመት በኋላ ጎኗን የማይቆነጥጣት ወንበር ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ወንዳፈረው ትዝ አላት።

«ቀዶ ሕክምናውን ለምን ፈለጉት?» አለች ባለሙያዋ።

«ለጤናዬ ነው።»

«ሲከፋዎት ምግብ ይበላሉ?»

«እኔ አይከፋኝም።»

«በጭራሽ?»

«ጌታ ይመስገን። ድክመት ካልሽኝ ሻይ ላይ ስኳር አበዛለሁ። አስተካክላለሁ።»

ባለሙያዋ ጻፈች። «ተደብቀው የሚበሉበት ጊዜ ኖሮ ያውቃል?»

«ከማን ልደበቅ? ብቻዬን ነው የምኖረው።»

«ልጅ እንደሞተችብዎት እዚህ ላይ አያለሁ። ስለ እሷ ቢያጫውቱኝ?»

ትርፊት ተነሣች። ምስክርነት ቆሞ ነው የሚሰጠው፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለአንዲት ወጣት፣ አምስት መቶ ሰው በሚሰማው ድምፅ «ጌታ ይመስገን፤ ልጄ ከእኔ ዘንድ በተሻለ ቦታ ናት፤ እኔ የምለው የለኝም» አለች። ሰው የተጣራ መስሏት አንዲት ነርስ ከኮሪደሩ በር ከፍታ አየች። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ትርፊት» አለቻት ቀስ ብላ። ቀጥላም እንዲህ አለቻት፦ «ዛሬ አልፈርምም። ይህ መውደቅ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ጨጓራን ያሳንሳል እንጂ ሰው በምግብ የሚያስታግሰውን ነገር አይነካም። ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳናውቅ ብንከፍትዎ በኋላ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። ሦስት ወር ልስጥዎት። ከሚያምኑት ሰው ጋር ስለ ልጅዎ ይነጋገሩ፤ ነሐሴ ላይ እንገናኝ።» ይህንኑ በሁለት መስመር ጽፋ ማኅተም አድርጋ ሰጠቻት።

እዚህ ላይ ትርፊት፣ ማንኛዋም የጉባኤዋ እህት የምታደርገውን አደረገች። በእነሱ ዘንድ ከባድ ነገር ለብቻ አይያዝም፤ ወረቀት ከሆነ ወረቀቱ፣ ሕመም ከሆነ ሕመሙ ለሽማግሌዎች ይቀርባል፣ እነሱም ያስጸልዩበታል። ወረቀቱን ለወንዳፈረው ሰጠችው። ወንዳፈረውም ረቡዕ፣ በሴቶች ጸሎት ላይ፣ በሙሉ ቅንነት ቆሞ አነበበው። «እህታችን ትርፊት አዲስ አበባ የአእምሮ ምርመራ ተደርጎላት ለጊዜው አላለፈችም። ጌታ አእምሮዋን እንዲጎበኝ በጸሎት እናስባት።» እጆች ተነሡ፤ አለቀሱላት ጭምር። ትርፊት መሀላቸው ተቀምጣ «አሜን» አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

ወሬው ሐሙስ ገበያ ደረሰ፣ ቅዳሜ አንጋጫ ገባ። መንገድ ላይ ምንም አልተጨመረበትም፤ መጨመርም አላስፈለገውም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ወይዘሮ አሰገደች ራሷ መጣች። ከአንጋጫ የያዘችውን አንድ ማሰሮ ማር አስቀምጣ፣ ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናብ አወራች። ትንሿን አልጋ አየቻትና ፊቷን አዞረች።

«ትርፊት፣ እኔ ያልኩት ሰውነትሽ ይዳን ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሰውነት ቢሆን እጠብቅሽ ነበር። ግን ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም ብለዋል ይባላል። አንቺ እናት ነሽ። በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትሰጪ ነበር?»

«ጭንቅላቴ ምንም አልሆነም። ወረቀቱ እንደዚያ አይልም።»

«ሽማግሌሽ ናቸው ያነበቡት፣ እኔ አይደለሁም» አለች አሰገደች፤ እውነቷን ነው። «አንጋጫ አስመዝግቤያታለሁ። የአባቷን ሚስት እማዬ ማለት ጀምራለች። አሁን ልጅቷን አናዘዋውራት፤ እባክሽን።»

ትርፊት አልተቆጣችም፣ አልለመነችምም። ማሰሮውን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ እስከ በር ሸኘቻት። ከዚያ ጓዳ ገብታ ማሩን በእንጀራ ጨረሰችው። ስትጨርስ ጣቷ ማሰሮው ውስጥ እንዳለ ራሷን አየች፤ ያኔ ነው የፈራችው።

በማግስቱ ዘይነባ ዘንድ ሄደች። ዘይነባ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር። ትርፊት ከጎኗ ባለች ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጣ የአሰገደችን ነገር ነገረቻት። ዘይነባ እጇን ሳታቋርጥ አዳመጠችና እንዲህ አለቻት፦

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ስድስት ዓመት ፈራሁሽ። አዜብ ልትወልድ ስትል ከእኔ የወሰድሽው ቅቤ የት ሄደ? በሐዘኑ ቤት አልቀረበም። አልሸጥሽም፤ ብትሸጪ እሰማ ነበር።»

ትርፊት ተነሥታ ወጣች። ከጥያቄው ግን አልወጣችም፤ ሐምሌን ሙሉ በዝናቡ ውስጥ ይዛው ዞረች። ነሐሴ ላይ እንደ ተለመደው ሁለት ወንበር ይዛ አዲስ አበባ ስትወርድም አብሯት ሄደ። ጥያቄውን የመለሰችው እዚያ፣ ክንድ በሌለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። በዚህ ቀን አልቆመችም።

«በእኛ አገር» አለች ለወጣቷ፣ «ልጅሽ ስታረግዝ ከሰማሽበት ቀን ጀምሮ ቅቤ ታጠራቅሚያለሽ። ቡላ ታስመጫለሽ። አተካና እንለዋለን፤ ቡላው በቅቤና በአይብ ይሠራል፣ አራስ እሱን እየበላች ነው የምትጠነክረው። እናት በእጇ ነው የምታበላት። እኔ ሰባት ወር አጠራቀምኩ። ዘይነባ ምርጥ ምርጡን እየለየች ትሰጠኝ ነበር። ቡላው ከሌሞ፣ ከአባቴ እንሰት ነው። ሁሉም ቤት ውስጥ ተደርድሮ ነበር።»

ባለሙያዋ ምንም አልጻፈችም።

«ከቀብር ስመለስ አገኘሁት። መጣል አልቻልኩም። የአዜብ ነው፣ እንዴት ለውሻ ይሰጣል? ለለቀስተኛ ማቅረብ አልቻልኩም፤ በእሷ ቅቤ ሰው አፉን ሊያብስ ነው? በሬን ዘጋሁ። ጠዋት ጠዋት ለአንድ አራስ የሚበቃውን ልክ እሠራለሁ። ድሮ ትተኛበት የነበረው አልጋ አጠገብ አመጣዋለሁ። ብዪ ልጄ እላለሁ። ትንሽ እጠብቃለሁ። ከዚያ እኔ እበላዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ይቀፈኝ ነበር፣ አስታውክ ነበር፤ ግን አንድ ማንኪያ ሳላስቀር። ዐርባ ቀን። ሰው ጾም ላይ ናት ብሎ በር ላይ ይዘምርልኛል። እኔ ውስጥ ሆኜ የልጄን አራስነት እበላለሁ።»

የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። «ካለቀ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ድረስ ስበላ ለእሷ የምበላ ነው የሚመስለኝ። ሳቆም የምትሞት ይመስለኛል። ሞታለች እኮ፣ አውቃለሁ። ግን ሳቆም የምትሞት ይመስለኛል።»

ከዚያ አለቀሰች። ስድስት ዓመት ከሰባት ወር የዘገየ ልቅሶ ነው፣ ቶሎ አላበቃም። ነርሷ ዳግመኛ በር ከፈተች፤ ባለሙያዋ በእጇ ምልክት ሰጥታ መለሰቻት።

በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በቀጣዩም ሁለት ጊዜ ተገናኙ። ትርፊት አንድ ዘመዷ ዘንድ አርፋ ትመላለስ ነበር። በመጨረሻው ቀን ባለሙያዋ ቅጹን ከፊቷ ዘርግታ ዝግጁ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም እየተገናኙ እንደሚቀጥሉ ነገረቻት።

ትርፊት ግራ ገባት። «ያን ጊዜ ምንም የለብኝም ስልሽ ጣልሽኝ። አሁን ይህን ሁሉ ጉድ ሰምተሽ አሳለፍሽኝ?»

«ያን ጊዜ እርስዎን አላገኘሁዎትም ነበር» አለች ባለሙያዋ። «አሁን የት እንዳሉ አውቃለሁ።» ቅጹን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለበጠችው። «እዚህ ላይ ግን ለጤናዬ ብለውኛል። እውነተኛው እሱ ካልሆነ እናስተካክለው። ቀዶ ሕክምናውን ለምን ይፈልጉታል?»

ትርፊት ወረቀቱን ተመለከተች። ሮዙ ብርድ ልብስ ትዝ አላት፤ አንጋጫ፣ የሌላ ሴት እጅ ይዛ ትምህርት ቤት የምትገባ አንዲት ትንሽ ልጅም ታየቻት።

«በግንቦት ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። «በግንቦት መልስ ነበረኝ።»

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀች። ሌላ ነገር ሳይመጣ ሲቀር የተጻፈውን እንዳለ ትታ ፈረመችበት።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ለጥቅምት ተቀጠረ። በማግስቱ ጠዋት ትርፊት ወደ ሆሳዕና ልትመለስ መናኸሪያ ሄደች። ትኬት የሚቆርጠው የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ አያውቃትም። ቀና ብሎ ሳያያት «ስንት ሰው?» አላት።

«አንድ ነኝ» አለችና የሁለት ሰው ከፈለች።